የሹፌሩ በር

አቶ ባህሩ ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ከሚስታቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ቤታቸውንም መኪናቸውንም አደራ የሰጡት ለልጃቸው ባል ለማርቆስ ነበር። የቤቱን ነገር ባንድ ትንፋሽ ጨረሱት፤ «በር ዝጉ፣ መብራት አጥፉ» አሉና አለፉ። መኪናዋ ላይ ሲደርሱ ግን ንግግራቸው ረዘመ።

«በሁለት ቀን አንዴ ታስነሣታለህ። አሥር ደቂቃ ትሠራለች፣ ከዚያ ታጠፋታለህ። አቧራዋን በደረቅ ጨርቅ እንዳትጠርገው፣ ይቧጭራታል። ከግቢ ደግሞ እንዳትወጣ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ሰማኸኝ? ከግቢ እንዳትወጣ።»

«ሰምቻለሁ ጋሼ። አትወጣም።»

ማርቆስን የጎረበጠው ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኖ ይሠራል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ አንዳንዴም የፋብሪካውን ፒክአፕ ይዞ ሻሸመኔ ደርሶ ይመለሳል። አማቱ ይህን ሁሉ እያወቁ የሚያዩት ግን፣ እሱ እንደሚመስለው፣ ከአለታ ወንዶ ትናንት እንደመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ከኢያኤል ጋር ከተጋቡ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። በእነዚህ ስምንት ወራት አቶ ባህሩ ክፉ ቃል ተናግረውት አያውቁም፤ ደግ ቃልም እንደዚያው። ሠላሳ አራት ዓመት የመንገድ ቀያሽ ሆነው ደቡብን በእግራቸው የለኩ ሰው ናቸውና፣ ማርቆስ ፊታቸው በቆመ ቁጥር እየተለካ፣ ልኩም ሁልጊዜ ትንሽ እየጎደለ ይመስለው ነበር።

መኪናዋ ነጭ ኮሮላ ናት፤ ኢያኤልን በዕድሜ ትበልጣታለች። በሰፈራቸው በታቦር የማያውቃት የለም። እሁድ ጠዋት ወደ ጸሎት ቤት ቀስ ብላ ስትወርድ፣ ችኩሎቹ ባጃጆች እንኳ ጡሩምባ ሳያሰሙ ከኋላዋ ይከተሏታል። ከአቶ ባህሩ በቀር መሪዋን የጨበጠ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ባልና ሚስቱ ቤቱን ሊጠብቁ ከኪራይ ቤታቸው መጥተው ግቢው ውስጥ ማደር ከጀመሩ አሥራ አንደኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ማርቆስ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ፣ መኪናዋን ለማስነሣት ቁልፉን እንደያዘ ስልኩ ጮኸ። ታላቅ እህቱ ታቢታ ናት።

«መናኸሪያ ነኝ፤» አለች። ከድምፅዋ በላይ የሚሰማው የዝናቡ ነው። «ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥለው አደረ። ሐኪም ላሳየው ብዬ መጣሁ፣ ባጃጅ ግን ጠፋ። አንድም የሚቆም የለም።»

የነዳጅ ሰልፍ የነበረበት ሳምንት ነው። ባጃጆቹ ማደያ በር ላይ ተኮልኩለው ነበር የሚውሉት። ማርቆስ ለኢያኤል ደወለ፤ ክፍል ውስጥ እያስተማረች ስለነበር አላነሣችም። ቆመና ዝናቡን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ አየ። የሁለት ዓመት ሕፃን በትኩሳት እየነደደ በረንዳ ላይ ቆሞ ዝናብ እየመታው ነው። የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፈተና አወጣት።

እውነቱን ለመናገር መኪናዋ ሸጋ ነበረች። ቁልቁለቱን እንደ ውሃ ወረደች። ታቢታንና ሕፃኑን ከመናኸሪያ አንሥቶ ክሊኒክ አደረሳቸው፤ ሐኪሙ ሕፃኑን አይቶ ጉሮሮው መቁሰሉን ነገራቸውና መድኃኒት አዘዘ። ማርቆስ ፒያሳ መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት አቁሞ፣ እህቱንና ልጁን ከኋላ ወንበር ትቶ፣ ከልማድ ብዛት የሹፌሩን በር ቆልፎ ሮጠ።

ሽሮፑን ብብቱ ሥር ወትፎ ሲመለስ ቁልፉ ግማሽ ድረስ ዞሮ ቆመ። ወደ ኋላ መልሶ ሞከረ። እንደገና ቆመ። ዝናቡ በአንገቱ ይወርዳል፤ ሕፃኑ ውስጥ ያለቅሳል። እጀታውን ያዘና ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው።

ቀጭ አለ።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ እንደ ደረቅ እንጨት ስባሪ። እጀታው ግን ከዚያ በኋላ የሚይዘው ነገር እንደሌለ ላላ፤ ወደ ላይ ቢያነሡት ወደ ላይ፣ ቢለቁት ወደ ታች። በሩ ንቅንቅ አላለም።

ታቢታ ከውስጥ መስታወቱን አንኳኳች። «ምን ሆንክ? አትገባም እንዴ?»

«ነይ፣ በዚያ በኩል ያለውን የጋቢናውን በር ክፈቺልኝ።»

ከወንበሮቹ መሐል እጇን ሰድዳ ከፈተችለት። ማርቆስ በማርሹ ላይ ተሻግሮ፣ ጉልበቱን መሪው ላይ አጋጭቶ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወደቀ። ከውስጥም ሞከረው። ያው ነው። ከዚያ ወዲያ እህቱ ስለ ሀገር ቤት ያወራችለትን አንዱንም አልሰማም። እሷንና ልጁን አክስታቸው ቤት አድርሶ ወደ ታቦር ወጣ።

ኢያኤል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባሏን በሩ ሥር ተንበርክኮ አገኘችው። ሁሉንም ነገራት። እሷ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሕፃኑ ነው። ቀጥላ፣ «በቃ፣ ለአባዬ ንገረው» አለች።

«አሠርቼ ልንገራቸው።»

«አሁን ንገረው። አባቴ ሰው አይበላም።»

«አንቺን ስለማይበሉሽ ነው። ሁለት ጊዜ ነው እኮ ያስጠነቀቁኝ፣ ኢያኤል! ሁለት ጊዜ!»

ማታ አቶ ባህሩ ራሳቸው ደወሉ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቋል፤ የቀኝ ዓይናቸው ተሸፍኗል፣ በግራው ትንሽ ትንሽ ያያሉ። ሰኞ ይመለሳሉ። ከኢያኤል ጋር ብዙ ካወሩ በኋላ ማርቆስን ፈለጉት። ስለ ቤቱ ጠየቁት፣ ስለ ውሃው ጠየቁት። ከዚያ፣ «መኪናዋስ?» አሉ።

ማርቆስ አፉን ከፈተ። ኢያኤል ፊት ለፊቱ ቆማ ታየዋለች።

«ደህና ናት ጋሼ» አለ።

ስልኩ ሲዘጋ ኢያኤል ፊቷን አዞረች። ዝም ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ያ ከስድብ በላይ ሆነበት። በሩን መስበር ስሕተት ነው፤ አሁን የተናገረው ግን ውሸት ነው። እራት ቀረበ፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ።

አርብ ጠዋት የሕፃኑ ትኩሳት እንደ ለቀቀው ታቢታ ደውላ ነገረችው፤ እንደ ወተት ጥጃ ይቦርቃል አለችው። ያ አንድ ነገር ቀለለው። ፋብሪካ ሲደርስ፣ አብሮት ለሚሠራው ለዮፍታሄ የቀረውን ጭንቀቱን አዋየው። ዮፍታሄ ሳቀበት።

«ለበር ከሆነ ኩማ አለልህ፤» አለው። «ከገበያው ጀርባ፣ ጋራዦቹ መሐል። ሞተር አይነካም፣ ጎማ አይነካም። በርና መስታወት ብቻ ነው ሥራው። በሩ ሲያየው ራሱ ይከፈታል ይላሉ።»

ከሰዓት በኋላ ማርቆስ ኩማን ፈልጎ አገኘው፤ አርባን የዘለለ፣ አጠር ያለ፣ ሲሰማ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። «መኪናውን አምጣው» ሲለው ማርቆስ ራሱን ነቀነቀ። ያቺ መኪና ዳግመኛ ከግቢ አትወጣም። ኩማም ቅዳሜ ጠዋት ሊመጣ ተስማማ። ማርቆስ «ቅዳሜ ባያልቅ እሁድ አለ፣ ጊዜ አለኝ» ብሎ ትንሽ ተነፈሰ።

ማታ ግን ኢያኤል ስልክ ይዛ መጣች። «እማዬ ናት። ሐኪሙ መሄድ ትችላላችሁ ብሏቸዋል። ነገ ነው የሚመጡት፤ ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ።»

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት የተባለው ኩማ ሦስት ሰዓት ላይ ከባጃጅ ወረደ። የመፍቻ ሣጥን የለውም፤ ዕቃውን የያዘው በተማሪ ቦርሳ ነው። ግቢው ውስጥ ገብቶ መኪናዋን ሲያይ ቆም አለ።

«የጋሽ ባህሩ መኪና አይደለችም?»

«ናት። አማቴ ናቸው።»

«ያውቃሉ?»

ማርቆስ ወደተበላሸው በር መራው። ኩማም አልደገመም። እጀታውን ሁለት ጊዜ አነሣ፣ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ አንዴ በቡጢው መታ አደረገው፣ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ።

«በር ክፍት ሆኖ ቢበላሽ ቀላል ነው፤ ብሎኖቹ ሁሉ ይታያሉ። ተዘግቶ ሲበላሽ ግን፣ አፉን አልከፍትም ያለ ሰው ጥርስ እንደ መንቀል ነው።»

ሥራው ሥራ ነበር። መጀመሪያ የሹፌሩን ወንበር ከነሐዲዱ ፈትተው አወጡና ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ኩማ ጋቢናው ወለል ላይ በጀርባው ተንጋለለ። የመስታወት ማዞሪያውን በጨርቅ ሸርተት አድርጎ አላቀቀ፣ የክንድ ማሳረፊያውን ፈታ፣ የበሩን የውስጥ ሽፋን በሰፊ ካቻቢቴ ከሥሩ እየፈለቀቀ አነሣው። ከውስጡ የአርባ ዓመት አቧራ ቦነነ። ማርቆስ የስልኩን መብራት ይዞለታል። ኩማ ክንዱን እስከ ብብቱ ድረስ ላሜራው ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ይፈልጋል።

«እሺ... እሺ የኔ እናት... ይሄ ሞላው ነው። ደህና ነው። ይሄ የቁልፉ ምላስ ነው፤ ግሪሱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ አይላወስም። ይሄ ደግሞ...» ዓይኑን ገለጠ። «ይሄ ምንድነው?»

በፒንሳ ይዞ ያወጣው ብጣሽ ሽቦ ነው። የመብራት ገመድ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት መዳብ፣ ደጋግሞ የተጠመዘዘ፣ ከዕድሜ ብዛት የጠቆረ። ጫፉ ላይ ብቻ አዲስ ስብራት እንደ ወርቅ ያበራል።

«ከእጀታው ወደ ቁልፉ የሚሄድ ዘንግ አለ፤» አለ ኩማ ቀና ብሎ። «የሚይዘው ትንሽ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ የለም። ድሮ ነው የጠፋው። አንድ ሰው በዚህ ሽቦ አስሮት ነበር። አንተ ሐሙስ ዕለት የበጠስከው ይሄን ሽቦ ነው።» ሽቦውን መዳፉ ላይ አገላበጠው። «ይሄ በር የሐሙስ በሽተኛ አይደለም፣ ወንድሜ። ቢያንስ ሁለት ዓመት የተኛ ነው።»

ማርቆስ ሽቦውን አፍጥጦ አየው። ከደረቱ ላይ አንዳች ሸክም በግማሽ የወረደ መሰለው። እሱ አይደለም የሰበረው! ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣበት፤ ሽቦ ያሰረው ማንም ይሁን ማን፣ መኪናዋን ከግቢ ያወጣ እሱ ነው፣ «ደህና ናት» ያለም እሱ ነው። ለዚያ የሚሆን ሽቦ የለም።

ኩማ የቁልፉን ምላስ ላምባ በተነከረ የጥርስ ብሩሽ ሲፈትግ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ገና አራት ሰዓት ተኩል ነው። ኢያኤል ከጓዳ ሮጣ ወጣች፤ በበሩ ስንጥቅ አየችና ወደ ባሏ ዞረች።

«መጥተዋል» አለች በሹክሹክታ።

አንድ ዘመድ በራሱ መኪና ከንጋት በፊት አስነሥቶ አምጥቷቸው ነበር፤ በር ላይ አውርዷቸው ቸኩሎ ሄደ። አቶ ባህሩ የቀኝ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ፣ ከላዩ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ሚስታቸው ወይዘሮ ሙሉጌጥ ክንዳቸውን ይዘዋቸው ገቡ። ኢያኤል አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው ግን እያቀፏትም አፍንጫቸው ወደ ግራ ዞሯል።

«ላምባ ይሸተኛል፤» አሉ። «ማነው እዚያ ያለው?»

ማርቆስና አማቱ መሐል ያለው ርቀት አሥር ርምጃ አይሞላም። ኩማ ከመኪናዋ ወጥቶ ሽቦውን መዳፉ ውስጥ ጨብጦ ጫማውን ያያል። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሣሩ ላይ የተቀመጠውን ወንበር አይተው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘዋል። የማያዩት አቶ ባህሩ ብቻ ናቸው። «መኪናዋን እያጠብኩ ነው ጋሼ» ማለት ይቻል ነበር። ይዘዋቸው ወደ ቤት ይገባሉ፣ በሩ ይገጠማል፣ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል። ይህ ሁሉ በማርቆስ አእምሮ ውስጥ እንደ መብረቅ አለፈ፤ እንዲህ ያለ ነገር ማሰቡ ራሱ አሳፈረው።

«እኔ ነኝ ጋሼ፤ ማርቆስ ነኝ። እንኳን እግዚአብሔር በሰላም አመጣዎት።»

«አሜን። ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ጋሼ፣ ሐሙስ ዕለት መኪናዋን ከግቢ አውጥቻታለሁ። የእህቴ ልጅ ታሞ፣ ዝናብ ነበር፣ ባጃጅ ጠፋ። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም። ፒያሳ ላይ የሹፌሩ በር አልከፈት ሲለኝ በጉልበት ስቤ ሰበርኩት። አሁን እያሠራሁት ነው።» አንድ ርምጃ ቀረበ። «ማታ ሲደውሉልኝ ደህና ናት ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ከበሩ በላይ ያ ነው ያስጨነቀኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ስለ ሽቦው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ኩማ ቀና ብሎ አየው።

አቶ ባህሩ የሚስታቸውን ክንድ ለቀቁና፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ብቻቸውን ተራመዱ። ጣቶቻቸው የመኪናዋን ጣሪያ ነኩ። ጣሪያውን ይዘው ወረዱ፣ በተከፈተው መስኮት በኩል ገቡ፣ የተገለጠውን ላሜራ ዳሰሱ፣ ቀዳዳው ውስጥ ዘለቁ። እዚያ የሆነ ነገር ፈለጉ፤ አጡት።

«ሽቦዬስ?» አሉ።

እንደገና ዳሰሱ።

«ሽቦዬ የት ሄደ? እዚህ ጋ አስሬው ነበር እኮ።»

ኩማ ጠጋ ብሎ ሽቦውን መዳፋቸው ላይ አኖረው። አቶ ባህሩ በአውራ ጣታቸው ስብራቱን ዳሰሱት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኢያኤል እያለቀሱ መስሏት ደንግጣ ጠጋ አለች፤ የዓይናቸው ነገር አስፈርቷት። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር። መቀመጫ ፈልገው እጃቸውን ሲያማትሩ ማርቆስ ቶሎ ብሎ ደግፎ፣ ሣሩ ላይ ባለው በሹፌሩ ወንበር አስቀመጣቸው።

«ሁለት ዓመቱ ነው፤» አሉ ሳቃቸው ሲበርድ። «አንድ ጠዋት ማደያ ተሰልፌ አልከፈት አለኝ። በዚያኛው በር ወጣሁ፣ ሰው ሳያየኝ። በማግስቱ ሁላችሁም ተኝታችሁ ሳለ ፈታሁትና በዚህ ሽቦ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ካልተቆለፈ ደህና ነው፤ ከተቆለፈ ግን ዘዴ አለው። እጀታውን ወደ ላይ ታነሣለህ፣ በጉልበትህ ገፋ ታደርጋለህ፣ ያኔ ይከፈታል። ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።»

«ለምን አላሠሩትም ጋሽ ባህሩ?» አለ ኩማ፤ እንደ ባለሙያ ቅር ብሎት።

«ባሠራው ይሰማላ። ልጄ ሰይፈሚካኤል አዲስ አበባ ሆኖ በደወለ ቁጥር፣ አባዬ ያቺን ብረት ሽጣት፣ አሁን የመንዳት ዕድሜህ አይደለም ይለኛል። ዓይኔም ያን ጊዜ መድከም ጀምሯል። በሯ ተበላሸ ብል፣ እሷም አረጀች አንተም አረጀህ ሊሉኝ ነው። ዝም አልኩ።» ፊታቸውን ማርቆስ ወዳለበት መለሱ። «ከግቢ አታውጣት ያልኩህም ለዚሁ ነው። መንገድ ላይ በሩ ተገትሮብህ ሰው እንዳይስቅብህ ብዬ። ምክንያቱን መናገር ደግሞ አቃተኝ።»

ማርቆስ ሣሩ ላይ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «እኔ... እኔ ደግሞ ስላላመኑኝ መስሎኝ ነበር።»

«ምን አልክ?»

«ሁለት ጊዜ ሲያስጠነቅቁኝ፣ አላመኑኝም ብዬ ነበር ጋሼ። ስምንት ወር ሙሉ።»

አቶ ባህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። የግራ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ይህን ሰው ገና አሁን እንዳገኙት ሁሉ ትኩር ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ፤» አሉ ቀስ ብለው። «የዚያችን መኪና ቁልፍ ለሰይፈሚካኤል እንኳ ሰጥቼው አላውቅም።»

ማርቆስ ፊቱን አዙሮ ሣሩ ላይ የተበተኑትን ብሎኖች መልቀም ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ ሙሉጌጥ የተናገሩት። «ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም ነው የምትለው? ሁለት ዓመት ሙሉ በመስኮት አይቼህ የለ! ጠዋት ጠዋት ግራ ቀኝህን እየገላመጥክ፣ እንደ ሌባ በጉልበትህ ስትገፋት!»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተስ ምነው ዝም አልከኝ?»

ኢያኤል መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ኩማ። በመጨረሻ ማርቆስም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

የቀረው ሥራ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ምላሱ ከድርቀቱ ተላቀቀ፤ ካቻቢቴው በቀስታ ሲነካው ጠቅ ብሎ ተመለሰና በሩ በሦስተኛው ቀን ወለል ብሎ ተከፈተ። ኩማ ከቦርሳው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣ፤ ውስጡ ከወዳደቁ መኪናዎች የለቀማቸው ጥቃቅን ነገሮች ሞልተውታል። አገላብጦ አገላብጦ የዘንጉን መያዣ ፕላስቲክ አገኘ፤ በጥርሱ ትንሽ ሞርዶ ገጠመው። አዲስ ግሪስ ቀባ፣ ሽፋኑን መለሰ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። አቶ ባህሩ ለወንበራቸው ተነሡለት፤ ተመልሶ ቦታው ገባ።

«ዝጋት እስቲ» አሉ።

ማርቆስ በአንድ ጣቱ ገፋት። ግጥም ብላ ተዘጋች።

«ክፈታት።»

ከፈታት።

«እንደገና ዝጋት።» ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ሦስት ጊዜ አስዘጉት፣ ሦስት ጊዜ አስከፈቱት። ከዚያ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ስገዛት እንዲህ ነበር ድምፅዋ» አሉ። «ሰኞ ዓይኔን የሚያዩልኝ እዚሁ ከተማ ነው። አንተ ትወስደኛለህ። ማልደህ ተነሣ፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬን ቀደም አድርገህ ያዝ፣ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ ጋሼ።»

«ፍሬን ቀደም አድርገህ ያዝ ነው ያልኩህ።»

ይኸውና ደገሙት። ማርቆስ ግን በዚህ ጊዜ ፊቱ ፈካ።

ኩማ ምሳ ሳይበላ አይሄድም ተባለ። ማርቆስ እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቦ ገበታ ሲቀርብ፣ ከሐሙስ ጀምሮ እህል በወጉ አለመቅመሱ ትዝ አለው። በላ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ጨመሩለት፣ ያንንም በላ። ኢያኤል በዓይኗ እየሳቀችበት ከራሷ ፊት ቆርሳ አጎረሰችው፤ አላንገራገረም። በመስኮቱ ቀዝቃዛ የሐይቅ ነፋስ ይገባል።

አቶ ባህሩ ለኩማ ወሬ ጀመሩ፤ በደጉ ዘመን ከዲላ ወዲያ መንገድ ሲቀይሱ፣ ጭቃው የመለኪያ ዕቃ የጫነች በቅሏቸውን እስከ አንገቷ እንዴት እንደዋጣት፣ ሃያ ሰው በገመድ እንዴት እንዳወጣት። ማርቆስ ከጎናቸው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። በቅሎዋ አንገቷ ድረስ እስክትሰምጥ ሰማ። ገመዱ ሲመጣም ሰማ። ከዚያ ሁለት ሌሊት ያልጎበኘው እንቅልፍ ድንገት መጣበትና ራሱ ቀስ እያለ አዘንብሎ የአማቱ ትከሻ ላይ አረፈ።

ኢያኤል ደንግጣ ልትቀሰቅሰው ተነሣች።

«ተይው» አሉ አቶ ባህሩ፤ ትከሻቸውን ሳያንቀሳቅሱ። ከዚያ ወደ ኩማ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የበቅሎዋን ነገር ቀጠሉ።